ከቦዩ ወዲያ ያለው ግማሽ ዙር

መጀመሪያ የከዳኝ ግራ እግሬ ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ፣ የልብስ ስፌት ሱቄ ውስጥ የሱሪ ጫፍ እያጠፍኩ ነበር። የስፌት መኪናዬ በእግር የሚረገጥ ነው። ረገጥኩ፤ አልዞረም። የተበላሸ መስሎኝ መዘውሩን በእጄ አዞርኩት፤ ደህና ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ግራ እግሬ ከፔዳሉ ወርዶ መሬት ላይ ተጋድሟል። መውረዱን አላወቅኩም።

ጎረቤቴን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ቃል አልወጣም። ወደቅኩ።

ሆስፒታል ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ሐኪሙ፣ "ስትሮክ ነው፤ ወደ አንጎል ደም የሚወስድ ሥር ተዘግቷል" አለ። "የደም ግፊት እንዳለብዎት ያውቁ ነበር?" አውቅ ነበር። ደህና ነኝ ብዬ መድኃኒቱን ካቆምኩ ቆይቻለሁ። እዚህ ላይ የማሳብበው ሰው የለም፤ ጥፋቱ የራሴ ነው።

አንደበቴ በሳምንታት ውስጥ ተመለሰ። እግሬ ግን አልተመለሰም። የሰኞ ገበያ ግፊያ ደግሞ ባለ አራት እግር ምርኩዝ ይዞ ለሚንፏቀቅ ሰው አይሆንም። ስለዚህ ታናሽ እህቴ ዘሃራ በሚኒባስ ጭና ቦሩ ሜዳ ቤቷ ወሰደችኝ። ስንሄድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እንዲህ አለችኝ፦ "ጋሽ ሰይድ፣ ሄደው በዚያው መንገድ አይመለሱ። ሲደክምዎት ከመንገድ ይመለሳሉ። ዞሮ ቤትዎ የሚያደርስ መንገድ ይፈልጉ። ግማሹን ካለፉ ከመመለስ ይልቅ መቀጠል ይቀርብዎታል። እግርዎ የሚመለሰው እንደዚያ ነው።"

መንገዱን አገኘሁት። ከዘሃራ በር ተነሥቶ በገብሱ ማሳ መሃል ያልፋል፤ ቦይ ይሻገራል፤ የሰፈሩን መቃብር ታክኮ አስፋልት ላይ ይወጣል፤ በአስፋልቱ ተመልሶ እኛ በር ይደርሳል። ሜዳ ነው፤ ጤነኛ በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። እንቅፋቱ ቦዩ ብቻ ነበር። ድልድዩ አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። ፍየሎቹ ሳያስቡ ይሻገሩበታል። እኔ እዚያ ስደርስ ፊቴን አዙሬ በመጣሁበት እመለሳለሁ፤ ልክ አታድርግ የተባልኩትን።

ቦዩ ጋ መድረሱም ቀላል አልነበረም። የእኛ አገር ሰው ዝም ብሎ አያልፍም።

"ወዴት ነው ሰይድ?"

"የትም።"

"እንዴት የትም?"

"ዞሬ ቤቴ ልገባ።"

እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ ክንዴን ይይዛል፤ ሌላው በግድ ድንጋይ ላይ ያስቀምጠኛል። "አብሽር፣ አብሽር" ይሉኛል። አብሽር ደግ ቃል ነው፤ አይዞህ ማለት ነው። በቀን ሃያ ጊዜ ሲሰሙት ግን ያቃጥላል። ዘሃራም አንድ ቀን መጥታ፣ "ወንድም ጋሼ፣ ሰዉ ጭንቅላቱን ነክቶታል እያለ ነው። ወላሂ፣ ቢያንስ ፌስታል ያዝ፤ ሱቅ የምትሄድ ምሰል" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዶ ፌስታል ይዤ ሄድኩ። ማንም የት እንደምሄድ አልጠየቀኝም።

ቦዩ ላይ ሰፋ ያለ መሻገሪያ እንዲሠራ ቀበሌ ጠየቅኩ፤ "በእቅድ ይያዛል" ተባልኩ። ከዚያ ጋሽ አስፋውን ለመንኩ። ጋሽ አስፋው የቅሬያችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ቅሬ ክርስቲያኑም እስላሙም ሬሳውን በአንድነት የሚያነሣበት ማኅበራችን ነው። "እናያለን፤ አብሽር" አሉኝ። አራት ወር አየን።

ሐምሌ ገባ። ትዕግሥቴ አለቀ። አንድ ጠዋት ግንዱ ላይ ወጣሁ። ምርኩዙን አስቀደምኩ። ቀኝ እግሬ ተከተለ። ግራው ቀረ። ወደቅኩ። ውሃው ደረቴ ደረሰ። መነሣት አልቻልኩም። ዘሃራ እስክትደርስ ጥርሴ መንቀጥቀጡን አቁሞ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳት። ኒሞኒያ። እንደገና ሆስፒታል፤ ኦክስጅን። ሐኪሙ ዘሃራን ወደ ውጭ ጠራት። ያላትን አልሰማሁም። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር።

አልሐምዱሊላህ፣ ተረፍኩ። ወደ ቦሩ ሜዳ የተመለስኩት መስከረም ላይ ነው። ጥቂት እንደበረታሁ ምርኩዜን ይዤ እስከ ቦዩ ሄድኩ። ግንዱ የለም። በቦታው ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተነጥፈዋል፤ ስንጥቁ በጠጠር ተሞልቷል፤ ስፋቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያሳልፋል። አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ለአንድ አንካሳ ይህን ያህል ስፋት ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቅኩም። ተሻገርኩ። ሦስት ጊዜ አርፌ በመቃብሩ በኩል አስፋልቱ ላይ ወጣሁ፤ ባለሙያዋ እንዳለችውም መመለስ ሩቅ ስለነበር ቀጠልኩ፤ በሌላው በኩል ዞሬ በራችን ደረስኩ።

በማግሥቱ ላመሰግን ጋሽ አስፋው ቤት ሄድኩ። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

"ላንተማ ላንተ ነው" አሉ። "ግን አልዋሽህም ሰይድ። ሐኪሙ አይተርፍም እንዳላት ዘሃራ ነገረችን። ክረምት ነው፤ በአስፋልቱ መዞር ለሸክም ይርቃል፤ በዚያ ግንድ ላይ ደግሞ ቃሬዛ አያልፍም። በትከሻ ልናሳልፍህ ነበር በሁለት ቀን የሠራነው።"

ተነሥቼ ቤቴ ገባሁ። አራት ቀን ከቤት አልወጣሁም። በእግሬ ልሂድ ለሚል ሰው በአራት ወር ያልተገኘ ጉልበት፣ ለሚሸከሙት ሰው በሁለት ቀን ተገኘ። ይህን ለዘሃራ እየደጋገምኩ ስነግራት ቆይታ፣ "እውነትህን ነው። ድንጋዩ ግን ምን አደረገህ? ተነሥና ሂድበት" አለችኝ።

ሄድኩበት። በየቀኑ፣ አንዳንዴ ተናድጄ፣ አንዳንዴ ከጋሽ አስፋው ጋር ሰላምታ ሳልለዋወጥ፣ ገብሱ ቢጫ ሆኖ እስኪታጨድ ድረስ ዞርኩ፤ ባለ አራት እግሩ ምርኩዝ ቀርቶ በከዘራ፣ ሦስቱ ዕረፍት ቀርቶ በአንድ ዕረፍት መጨረስ ቻልኩ። ኅዳር ላይ አንድ ጎረቤታችን ሲሞት ቅሬው ወጣ። ጋሽ አስፋው፣ "አንተ ቅር፤ ተፈቅዶልሃል" አሉኝ። አልቀረሁም። ያንን ድንጋይ ከቃሬዛው ኋላ በእግሬ ተሻገርኩ። ስንመለስ ጋሽ አስፋው ከእኔ ጎን እየሄዱ አንዴም አብሽር አላሉኝም። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ሰኞ ገበያ ወርጄ እሰፋለሁ፤ ግራ እግሬ ትንሽ ቢሰንፍም ፔዳሉን አይለቅም።

ይህ ሕመም የያዛችሁ፣ ደህና ነን ብላችሁ የግፊት መድኃኒት በራሳችሁ አታቁሙ። እጅ ወይም እግር ሲከዳ፣ አንደበት ሲያያዝ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። የምትለማመዱበት ዞሮ የሚመለስ መንገድ ፈልጉ፤ ካስፈለገ ፌስታል ያዙ። ድልድይ ስትለምኑ ደግሞ ለጤናዬ ነው አትበሉ፤ ለቀብር ነው በሉ።

ሐኪሞቼን፣ ባለሙያዋን፣ ከሁሉ በላይ ዘሃራን አላህ ይስጥልኝ። ለጀናዛዬ፣ ለሬሳዬ ማለፊያ ብለው በክረምት ጭቃ ድንጋይ የተሸከሙትንም ከልቤ አመሰግናለሁ። አንድ ቀን ለታሰበለት ይውላል፤ እስከዚያው እየሄድኩበት ነው።