የአጣቢዋ ትርጉም

ሰፈሩ «ዶክተሪት» ይላታል እንጂ እንጀራዋ የሆስፒታል አንሶላ ማጠብ ነው። ትምህርቷን ገና በልጅነቷ ነው ያቋረጠችው። ሐኪሞች እርስ በርስ የሚወራወሩትን የፊደል ቁርጥራጭ ያስተማራት እድፍ ነው ቢባል ይቀላል። «ፖስት ኦፕ» የተባለ ሰው ከቀዶ ሕክምና የወጣ ነውና አንሶላው ደም ይዞ ይወርዳል። «ኤንፒኦ» የተባለው በአፉ ምንም እንዳይቀምስ ተከልክሏልና በአንሶላው ላይ የሾርባ ጠብታ አይገኝም። «ሜትስ» የሚሉት ደግሞ አለ። እሱ የተባለለት ሰው ወደ ቤቱ ይላካል፤ አንሶላው ወደ እሷ ይወርዳል፤ ሰውየው ግን ተመልሶ አይታይም። ነገሩ ሲደጋገምባት ነርሷን ጠየቀቻት። «ካንሰሩ ከተነሳበት ወጥቶ ሌላ ቦታ ገብቷል ማለት ነው» አለቻት ነርሷ።

ጎረቤት የምርመራ ወረቀቱን ይዞ የሚሮጠው ወደ እሷ ነው። እሷም ስትተረጉም ስኳር ታበዛለች፤ ክፉ ወሬ መቼም መንገድ አይጠፋውም፣ ለምን በኔ አፍ ይምጣ ባይ ናት። ልቡ አብጦ ለተቸገረው ፀጉር አስተካካይ «ትልቅ ልብ አለህ ነው የሚሉህ፤ ኪኒንህን ብቻ እንዳትረሳ» ብላው፣ ሰውየው ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ሁሉ ሲያወራ ከረመ።

ባሏ አናጺ ነው። ታናሽ ወንድሙም አናጺ ነው፤ ሱቁም ከመንገዱ ማዶ ፊት ለፊት ነው። ከአባታቸው በቀረው የእንጨት መላጊያ ተጣልተው ከተለያዩ ወዲህ አይነጋገሩም። አንዱ ደጅ ሲወጣ ሌላው ጀርባውን ይሰጣል። ሰፈሩም ለማን እንደሚፈርድ ሳይወስን ዓመታት አለፉ።

ከዕለታት አንድ ቀን የባሏ ዓይን ቢጫ ሆነ፣ ሆዱ ተነፋ፣ እሷ በምትሠራበት ሆስፒታል ተኛ። ሐኪሞቹ አልጋውን ከበው ሲነጋገሩ እሷ ትራሱን ልብስ ታለብሰው ነበር። ሕመምተኛ እንዳይደነግጥ እያሉ ነው በዚያ ቋንቋ የሚያወሩት። ትልቁ ሐኪም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሜትስ» አለ። ትራሱ ግማሹን እንደለበሰ እጇ ላይ ቀረ።

ሐኪሞቹ ወደሚቀጥለው አልጋ ሲያልፉ ባሏ «ምን አሉ?» አላት።

«ጉበትህ ትንሽ ደክሟል አሉ።»

«ዶክተሪት፣ ስኳሩን ቀንሺው። የፀጉር አስተካካዩን ልብ ያሞካሸሽው አንቺ ነሽ።»

«ደክሟል ነው ያሉት። ትንሽ ማረፍ ነው።»

«እንግዲያው ስሚኝ። የምሞት ከሆነ ያንን የማዶውን ሰውዬ ጥሪልኝ። የምድን ከሆነ ግን ይቆይ፤ ታላቁ ሆኜ ቀድሜ ደጁን አልጠናም።»

«ትድናለህ» አለችው። አፏ ለምዶባት ነው፤ ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው በወንድምየው ላይ በር እንደዘጋች የገባት።

«በቃ ይቆይ» አለና ደስ ብሎት ወደ ግድግዳው ዞረ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ልትነግረው ትነሳለች፣ አልጋው ዘንድ ስትደርስ «ዛሬ ፊትህ ወዝ አለው» ብላ ትመለሳለች። እሱ ግን እንቅልፍ አበዛ። ትራስ ሲደገፍ እንኳ እንደ ጆንያ ይንሸራተት ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሥራ ሽርጧን ሳታወልቅ መንገዱን ተሻግራ ወንድምየው ሱቅ ገባች። እሱ መጋዙን አቆመ።

«እትዬ፣ ጠራኝ?»

«አልጠራህም። እኔ ነኝ የመጣሁት። ሜትስ ነው።»

«ምን ማለት ነው እሱ?»

እንዲህ ስትጠየቅ ስኳር ሳትጨምር መልሳ አታውቅም ነበር። «አይድንም ማለት ነው» አለችው።

ወንድምየው ሱቁን እንኳ ሳይቆልፍ ተከተላት። በሩ ላይ ሲቆም ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ ነበረ። በሽተኛው ዓይኑን ገልጦ አተኩሮ አየው።

«መጣህ?»

«መጣሁ፣ ወንድም ጋሼ።»

«ሳልጠራህ?»

«ሳትጠራኝ።»

«አንተ ሳትጠራ ከመጣህማ የኔ ነገር አልቋላ» አለ፤ ሊስቅ ሞክሮ ሳሉ አቋረጠው። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሐኪሞቹ የመጡ ጊዜ።»

«ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ ተቀምጬ እቀበለው ነበር።»

ወንድምየው ጫማውን አውልቆ አልጋው ላይ ወጣ፤ ከኋላው ሆኖ ክንዱን በብብቱ ሥር አስገባና ቀና አደረገው፣ ደረቱንም መደገፊያ ሰጠው። አሁን ታላቁ ተቀመጠ፤ ጀርባውን ለወንድሙ ስለሰጠ ግን ፊት ለፊት አይተያዩም።

«ስንት ነገር ልልህ ነበር መሰለህ» አለ ታላቁ።

«በል እንጂ፣ እየሰማሁህ ነው።»

አፉን ከፈተ። ትንፋሹ አጠረው፤ ጠበቁት። «ደከመኝ፣ አስተኛኝ» አለ በመጨረሻ።

ወንድምየው ክንዱን ሳያወጣ ቀስ አድርጎ አስተኛው። በማግስቱም፣ ከዚያ ወዲያም፣ ማዶ ያለው ሱቅ ተዘግቶ ታናሹ አልጋው አጠገብ ዋለ። ያ ሁሉ ነገር ግን «ልልህ ነበር» ከመባል ሳያልፍ ቀረ።