የጃፓን ከንቲባዎች

ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ ሰፈር፣ የምንነግድበት ሕንፃ ስሙ ጃፓን ነው። ስሙን ያወጣንለት እኛው ሐበሾች ነን። መጀመሪያ ስንገባበት ፊቱ ላይ የጃፓን የልብስ ስፌት መኪና የሚያስተዋውቅ ዝገት የበላው ሰሌዳ ተንጠልጥሎ ነበርና በዚያው ቀረ። ሰሌዳውን ቆርቆሮ ለቃሚ ነቅሎ ወስዶታል፣ ስሙ ግን አለ። ጃፓን ከንቲባም አለው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በኮሮናው ጊዜ የከተማዋ ከንቲባ ማን እንደነበር ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ቶሎ ቶሎ ስለተቀያየሩ ስማቸውን ሳልይዝ ያልፉኝ ነበር። የጃፓንን ከንቲባዎች ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ እነግራችኋለሁ። ሦስተኛው ባሌ ነበር።

የመጀመሪያው ከንቲባ የቀድሞ ጦር ባልደረባ ነበሩ፤ ኮት ሳይለብሱ ሱቅ አይከፍቱም። ያኔ ሕንፃው ገና እየሞላ ነበር፣ ዘራፊውም መንገዱን ለምዶታል። አንድ ቀን ከእኛው ነጋዴዎች አንዱን ደጅ ላይ ያዙና አንገቱ ላይ ሽጉጥ ደቅነው "በሩን አስከፍት" አሉት። አስከፈተ። ገብተው ያገኙትን ወሰዱ፣ ያልሰጣቸውን በሽጉጥ ሰደፍ ፈነከቱት፣ የአንዷን ሴት ጣት ከነቀለበቷ ይዘው ሄዱ። በማግስቱ ከንቲባው ሁላችንንም ታችኛው ፎቅ ላይ ሰብስበው ሕግ አወጡ። ችግር ሲመጣ ሁሉም ሱቁን ይዘጋል፣ የብረቱ በር ከውስጥ ይቆለፋል፣ ከንቲባው ብቻውን ወጥቶ ያናግራል። ሜትሮ የሚባለው የከተማው ፖሊስም ይሁን ሌባ፣ ከእኛ በኩል የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። በሩ የሚከፈተው ከንቲባው በራሱ አፍ ሲጠይቅ ነው። በእንግሊዝኛ "ኦፕን" ካለ ሽጉጥ ተደቅኖበታል ማለት ነው፣ አይከፈትም። በአማርኛ "ክፈቱ" ካለ ግን ምንም ይሁን ምን ይከፈታል። እጃችንን አውጥተን ተስማማን።

ሕጉ መጀመሪያ የተሞከረው በራሳቸው በመጀመሪያው ከንቲባ ላይ ነው። የጥበቃ ብር አምጡ የሚሉ የገዛ አገራችን ልጆች መጡና ወጡላቸው። "ኦፕን" ሲሉ ሰማን፤ ድምፃቸው እንኳን አልተንቀጠቀጠም። አልከፈትንም። ተኮሱባቸው። ወጥተን ስናነሳቸው ኮታቸው በደም ርሶ ከአስፋልቱ ጋር ተጣብቆ ነበር። ለቅሶው ላይ ሰዉ ሁሉ "ሕጉ ሠራ፣ ነፍሳቸውን ይማር" እያለ ንፍሮውን ይበላል።

ሁለተኛው ጎረምሳ ነበር፣ ከአፉ እጁ ይቀድማል። ደረጃው ላይ ጂንስ ሲሰርቅ የተያዘውን ሰው ልብስ በምናወርድበት ባለ ሜንጦ ዘንግ ሲቀጠቅጠው ውሎ፣ እሱ ሲደክመው ሌላው ተቀበለው። ሰውዬው በአራት እግሩ እየዳኸ ወጣ። ጎረምሳው ከሌባ አልፎ እኛኑ በጥፊ ማለት ሲጀምር ግን አንዱ ነጋዴ ታፋው ላይ ካራ ሰካበት። እያነከሰ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፤ ማንም አልሸኘውም።

ከዚያ ኮሮና መጣና አገሩ ተዘጋ። ምግብ የሚሸጥ ብቻ ይክፈት ተባለ። እኛ የምንሸጠው መጋረጃና ብርድ ልብስ ነው፣ መጋረጃ አይበላ ነገር። ምን እናድርግ? የሱቁን ተጠቅላይ መዝጊያ እስከ ጉልበት ከፍ እናደርጋለን፣ ደንበኛዋ ማስኳን እንዳደረገች በሆዷ ተስባ ትገባለች፣ እንዘጋባታለን። በስልክ መብራት መርጣ፣ ከፍላ፣ ፌስታሏን እየገፋች በሆዷ ትወጣለች። እንዲህ ለመሥራት ደጅ የሚቆምና ወታደር ሲመጣ የሚያናግር ሰው ግድ ነበር። ባሌን መረጡት።

ባሌ ቶኮዛ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ብዙ ዓመት ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ የሰፈር ሱቅ ይዞ ስለኖረ ዙሉውን ያንበለብለዋል፤ ፊቱን ሳታይ ብትሰማው የእነሱ ሰው ነው። እዚያም ተዘርፏል፣ እዚያም ተደብድቧል፣ ግን ሰው አይጠላም። ዝምተኛ ነው። በቤታችን የምጮኸው እኔ ነኝ።

"ሰው ጠፍቶ ነው አንተን የመረጡህ?" አልኩት።

"ሰውማ ሞልቷል። የጠፋው ሚስቱ እንደ አንቺ የምትጮህ ሰው ነው። ለጩኸት ለምደሃል አሉኝ" አለ።

"እየቀለድክብኝ ነው? የመጀመሪያው እንዴት እንደሞቱ ረሳኸው? ልጅ አለችህ እኮ።"

"ለእሷም ብዬ ነው" አለና ሻዩን ጠጣ። ከእሱ ጋር መጣላት አይቻልም፣ አይመልስልህም፤ ያ ነው የሚያሳርረኝ።

ወታደሮቹ የመጡ ዕለት መዝጊያው ስር ተስበው የሚወጡ ሁለት ሴቶች ላይ ደረሱባቸው። ባሌ ከመሀል ገባ። ሻምቦክ የሚሉትን የጎማ አለንጋ ጀርባው፣ አንገቱ፣ ጆሮው ላይ አሳረፉበት። ሴቶቹ አመለጡ፣ በሩ አልተከፈተም፣ ወታደሮቹን በዙሉ እያባበለ መለሳቸው። ሲገባ ጆሮው ተተልትሎ ደሙ ማስኩን ሞልቶት ነበር። "ሄደዋል፣ ሥራችሁን ቀጥሉ" አለ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ደሜ ፈላ። ያጨበጨቡትን እጆች ሁሉ ብሰብራቸው ደስ ባለኝ።

በኮሮናው ሁለተኛ ዓመት፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ወር፣ ዘረፋው ተነሳ። ሱቅ ተሰብሮ ይዘረፋል፣ የተዘረፈው ይቃጠላል፣ በየስልካችን የምናየው ጭስ ብቻ ሆነ። ቤታችን ትሮይቪል ነበር። ልጃችንን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ወደ ጃፓን አመጣናት፤ የተማመንነው የብረቱን በር ነው። ሌላውም እንደኛው አሰበ። ላይኛው ፎቅ ላይ ልጆቹን ሁሉ ፍራሽ ዘርግተን አስቀመጥናቸው።

ረፋዱ ላይ ሕዝቡ መጣ። ሲዘፍኑ ነው የሰማናቸው፣ ከዚያ ድንጋዩ ብረቱን ይደበድበው ጀመር። ባሌ ቁልፉን ለሽማግሌው ሰጣቸው። ሽማግሌው ከኛ ቀጥሎ ሻንጣ የሚሸጡ፣ ከንቲባ ሲወጣ ሁልጊዜ ቁልፍ የሚይዙ ሰው ናቸው። እጅጌውን ያዝኩት።

"ዛሬ አትወጣም" አልኩት።

"ካልወጣሁ በሩን ይነቅሉታል። ከነሱ ግማሹን በስም አውቃቸዋለሁ፣ አናግራቸዋለሁ። ወደ ልጂቱ ሂጂ።"

ሽማግሌው ከፈቱለት፣ ወጣ፣ ከኋላው ቆለፉ። ወደ ልጂቱ አልሄድኩም።

በሩ ድፍን ብረት ነው። ከስሩ፣ ከሲሚንቶው ጋር፣ እጅ የምታስገባ ክፍተት አለችው። ሲሚንቶው ላይ ተኝቼ ጉንጬን አስደግፌ ማየት ጀመርኩ። የማየው እግር ብቻ ነው፤ ስኒከር፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ ባዶ እግር። የባሌ ቡናማ ጫማ በመሀላቸው ቆሟል። "ሳኒቦናኒ ባፌቱ" ብሎ፣ ወንድሞቼ እያለ ሰላም ሲላቸው ሰማሁ። አንዱ ሳቀ፣ አንዱ መለሰለት። ትንሽ ተረጋጉ፣ ነፍሴ መለስ አለች። ከዚያ ከኋላ ጠርሙስ መጣ። ጫማው ወደ ጎን ተንገዳገደ። ከዚያ እግሮቹ ሁሉ ተጠጉ።

ድምፁን መግለጽ አልችልም፤ ከረጢት ሲመታ ይመስላል። በጉልበቱ ወደቀ፣ በእጁ ወደቀ፣ ከዚያ ፊቱ ከፊቴ ትይዩ መሬት ላይ አረፈ። በመሀላችን ያለው ብረቱ ብቻ ነው። አንዱ ዓይኑ ተደፍኗል። በሌላው አየኝ።

"ክፈቱ" አለ። በአማርኛ። "ክፈቱ፣ ክፈቱ፣ በማርያም ክፈቱ።"

ዘልዬ ተነሳሁ። "በአማርኛ ብሏል፣ ይክፈቱ" አልኳቸው ሽማግሌውን። ቁልፉን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው ግድግዳውን ተደግፈዋል፣ ከንፈራቸው ነጥቷል።

"ልጆቹ ፎቅ ላይ ናቸው፣ የኔ ልጅ" አሉ።

"ምንም ይሁን ምን ይከፈታል አላላችሁም?" ብዬ ኮሌታቸውን ጨመደድኩ። አሥር እጅ መጣብኝ። ትይዩዬ የሕፃናት ልብስ የምትሸጠው ጎረቤቴ ከኋላ ወገቤን ይዛ ነቀለችኝ። ክንዷን ነከስኳት፣ ጥርሴ እስኪገናኝ ነከስኳት፤ ደሟ አፌ ገባ፣ አልለቀቀችኝም። እሱ ውጭ እየጠራ ነው። ሁላችንም እንሰማለን። ጃፓን ሙሉ ይሰማል። ከዚያ መጥራቱን ተወ።

ያዳነን ክፋት ነው ልበል። ከጎናችን ያለው የጫማ መደብር መስታወት ተሰበረና ሕዝቡ ባሌን ትቶ ወደዚያ ጎረፈ። ደጃችን ቲማቲም የምትሸጠው የአገሩ ባልቴት መጥታ ብርድ ልብሷን ጣለችበት፣ አጠገቡ ተቀምጣ የሚቀርበውን ሁሉ በእርግማን እያባረረች አምቡላንስ ጠራች። እኛ በሩን የከፈትነው አምቡላንሱ ሲደርስ ነው።

መንጋጋው ተሰብሯል፣ አንድ ዓይኑ ፈሷል፣ የጎን አጥንቱ ሳንባውን ወግቶታል። በኮሮና ምክንያት ጠያቂ አይገባም ስላሉኝ የሆስፒታሉ አጥር ስር እየቆምኩ የትኛው መስኮት የእሱ እንደሆነ ሳላውቅ ሁሉንም አይ ነበር። መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ወጣ። ሾርባ በቀሰም ነው የማበላው። ልጃችን መጀመሪያ ፈራችው፣ ኋላ ግን ቀሰሙን የምትይዝለት እሷ ሆነች።

አገሩ ሲረጋጋ አዲስ ከንቲባ ለመምረጥ ታችኛው ፎቅ ላይ ተሰበሰብን፤ ሁሉም ማስክ አድርጎ፣ ተራርቆ ቆሟል። ባሌ ልምጣ አለ፣ ደግፌ አመጣሁት። አዲስ ሰው ሲመረጥ ያለፉትን መተረክ ልማድ ነውና ሽማግሌው ተነሱ። የመጀመሪያውን ተረኩ፣ ሁለተኛውን በአጭሩ አለፉት፣ ወደ ባሌ ዞሩ።

"ሦስተኛው ይኸው በፊታችሁ አለ" አሉ። "እንደዚያ ሲቀጠቅጡት አንድም ጊዜ ክፈቱ አላለም። ለልጆቻችን ብሎ ዝም አለ። ከእሱ የሚበልጥ ከንቲባ ይህ ሕንፃ አላየም።"

ሰዉ አጨበጨበ። አንዳንዱ አለቀሰ። ጆሮዬን አላመንኩም።

"ብሏል" አልኩ። "በአማርኛ ብሏል። በማርያም ብሎ ለምኗል። ሁላችሁም ሰምታችኋል፣ ውሸታሞች።"

አንገቱን ያልደፋ አልነበረም። ከዚያ ባሌ በታሰረው መንጋጋው፣ በጥርሱ መሀል ተናገረ።

"አላልኩም" አለ። "ቁጭ በይ።"

ቁጭ አልኩ። አዲሱን ከንቲባ መረጡ፤ የጎረቤቴ ባል ሆነ፣ ያች ወገቤን የያዘችኝ። ሽማግሌው እጄ አረጀ ብለው ቁልፍ መያዙን ተዉ። አፍ ማዘጊያም ይሁን ክብር እንጃ፣ የሕንፃውን ቁልፍ እንድይዝ እኔን መረጡኝ።

ቤት ስንገባ ያገኘሁትን ሰሐን ግድግዳ ላይ ሰበርኩ። "ለምን ዋሸህላቸው? ገድለውህ ነበር እኮ" አልኩት።

"ለነሱ አይደለም" አለ። "ክፈቱ ስል ልጂቱ ፎቅ ላይ እንዳለች አላሰብኩም። ጭራሽ አላሰብኳትም። ቢከፍቱ ኖሮ ይገቡ ነበር። እኔ እንደዚያ አላልኩም፣ ገባሽ? አላልኩም።" በቀረችው ዓይኑ አለቀሰ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው አሳዝኖኝ አያውቅም፣ እንደዚያ ቀንም ሰው አስጠልቶኝ አያውቅም፤ ማንን እንደምጠላ ግን አልለየሁትም።

በማግስቱ ከነጋ ጀምሮ ስብሰለሰል ቆይቼ ወደ ጎረቤቴ ሱቅ ተሻገርኩ። ከነከስኳት ቀን ወዲህ አልተነጋገርንም። የሕፃን ሹራብ ታጥፋለች።

"ባልሽን ወደ ገደል እየገፋችሁት ነው" አልኳት። "ባሌ ክፈቱ ብሎ አልተከፈተለትም። ሰምተሻል።"

"ሰምቻለሁ" አለች፤ ማጠፏን ሳታቆም።

"እንግዲያው ንገሪው። አልቀበልም ይበል።"

"ነግሬዋለሁ። አንድ ሰው መውጣት አለበት አለኝ።" ሹራቡን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ። "ቁልፉ አሁን አንቺ ጋ ነው። ልጅሽ ፎቅ ላይ ብትሆን፣ ባሌ ውጭ ሆኖ በአማርኛ ቢለምንሽ፣ ትከፍቺለታለሽ?"

እዋሻታለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ። ባሏ ከሱቁ ጀርባ ሳጥን ሲደረድር ድምፁ ይሰማል።

"አልከፍትም" አልኳት።