የዓሣው ውሃ የሚቀየርበት እሁድ

እናቴ ወደ እኔ ቤት የመጣችው አባቴ በሞተ በዓመቱ ነው። ደብረ ማርቆስ አጠገብ ካለች ትንሽ ከተማ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ከኖረችበት ግቢ ነቅዬ አመጣኋትና ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ አስቀመጥኳት። የያዘችው አንድ ሻንጣና አንድ ማዳበሪያ ብቻ ነበር። ማዳበሪያው ውስጥ የአባቴ ጋቢ ነበረ። አልጋዋ ሥር ከተተችው፤ ከዚያ በኋላ ስለ እሱ አላነሳችም።

እኔ አየር ጤና የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ጠዋት ወጥቼ አመሻሽ ላይ ነው የምመለሰው። ከባለቤቴ ከተለያየሁ ስለቆየሁ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ጭር ይላል። ስመለስ እናቴን ሁልጊዜ የማገኛት መስኮቱ አጠገብ፣ ያችው ወንበር ላይ ነው።

«ምን ስትሠሪ ዋልሽ እማዬ?»

«መኪና ሳይ።»

ከዚህ ያለፈ አንነጋገርም ነበር። ሐዘን እንዲህ ሰውን ዝም እንደሚያሰኝ አላውቅም ነበር። ሌሎች ሰዎች ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ እሷ ግን ከሩቅ ያለ ነገር የምታዳምጥ ትመስል ነበር።

ፊት ለፊታችን ባለው ቤት ውስጥ አንዲት ወጣት ትኖር ነበር። ልታገባ ስትል ዕቃዋን አወጣችና አንድ ቅዳሜ የመስታወት ገንዳ አቅፋ በሬን አንኳኳች። ገንዳው ውስጥ ቤታ የሚሉት ዓሣ ነበረ፤ ከጣቴ ብዙም የማይበልጥ። ሰማያዊ ነው ስል ዞር ሲል ቀይ ይሆናል። ክንፎቹና ጅራቱ ውሃ ውስጥ የተለቀቀ የሐር ጨርቅ ይመስላሉ።

«ጋሼ፣ የምሄድበት ቤት ድመት አለ» አለችኝ። «እርስዎ ጋ ይሁንልኝ። በሳምንት አንዴ ሩቡን ውሃ ብቻ ይቀይሩለት። ሁሉንም አንድ ላይ ከቀየሩበት ይታመማል። የቧንቧ ውሃም እንደቀዱ አይጨምሩበት፤ የተጨመረበት መድኃኒት እንዲወጣ በባልዲ ክፍቱን ይደር።»

እናቴ ጓዳ ተኝታ ስለነበር ይህን አልሰማችም። ስትነሳ ገንዳውን ከቴሌቪዥኑ ጎን አየችው። ጎንበስ አለች፤ ዓሣውም ወደ መስታወቱ ቀረበ። ሁለቱ ረጅም ጊዜ ተያዩ።

«ጓደኛ የለውም?»

«የለውም። ከሌላ ወንድ ጋር ካስቀመጡት ይጋደላል አሉ። ብቻውን ነው የሚኖረው።»

«እንደ እኛ ነዋ» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሯ ከመስኮቱ ወደ ገንዳው ዞረ። ደስ ብሎኝ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሳምንቱ ሳያልቅ ግን ዓሣው ቀለሙ እየፈዘዘ ሄደ። ሰማያዊው አመድ መሰለ፤ ክንፎቹን ሰብስቦ አንድ ጥግ ላይ ተንጠለጠለ። ምግብ ስጨምርለት ቀና ብሎም አላየኝ። ምን እንደነካው ግራ ገባኝ። አንድ ጠዋት ከቤት ወጥቼ የሱቅ ቁልፍ ረስቼ ስመለስ እናቴ ዓሣውን በጣሳ ይዛ፣ ገንዳውን ባኞ ቤት ወስዳ ስታጥብ አገኘኋት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ውሃውን እየቀየርኩለት ነዋ።»

«ሁሌ ነው የምትቀይሪው?»

«ታዲያ! የዋለ ያደረ ውሃ ይሰጣል እንዴ? አንተን እንደዚያ አድርጌ ነው ያሳደግኩህ?»

ገንዳውን ከእጇ ተቀበልኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ያለችኝን ነገርኳት። «ለእኛ ውሃ መጠጫ ነው፤ ለእሱ ግን ቤቱ ነው» አልኳት። «በየቀኑ ከቤቱ አውጥተሽ የማያውቀው ቤት አስገባሽው።»

ጣሳው ውስጥ ያለውን ዓሣ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ቤት መቀየር ያማል» አለች፣ ቀስ ብላ።

ባኞ ቤቱ በር ላይ፣ ውሃ ያለበት ወለል ላይ ቁጭ ብለን ቆየን። የዚያን ቀን ሱቁን ዘግይቼ ከፈትኩ።

ከዚያ በኋላ እሁድ የእኛ የውሃ ቀን ሆነ። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣ ጀሪካኖቹን ሞልቼ አንዱን ባልዲ ለዓሣው እለያለሁ። እሷ አቧራ እንዳይገባበት በስስ ጨርቅ ትሸፍነውና ሌላ ሰው እንዳይነካው ትጠብቃለች፤ ከእኔ በቀር ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው እንደሌለ ታውቃለች። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ከሱቄ ያመጣሁትን አዲስ ቀጭን የቤንዚን ቱቦ ገንዳው ውስጥ እከታለሁ። ውሃው ከሥር ያለውን ቆሻሻ እየሳበ ወደ ባልዲው ይወርዳል። ሩቡ ሲጎድል «በቃ፣ በቃ» ትለኛለች። ያደረውን ውሃ ለብ አድርገን እሷ በስኒ በስኒ ትጨምራለች፤ የሰው ቁስል እንደምታጥብ።

ከምሳ በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ትገባና ገንዳውን አልፋ ግድግዳው ላይ ትወድቃለች። ግድግዳው ይወዛወዛል። ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ያንን ሳይ ቤቱ ራሱ ውሃ ሥር ያለ ይመስለኛል። የሚኒባሶቹ ጡሩምባ፣ የረዳቶቹ ጩኸት፣ የልጆቹ ኳስ፣ ሁሉም ከላይ፣ ከሩቅ፣ ለስልሶ ይሰማል። እናቴ ወንበሯ ላይ እንዳለች ታንቀላፋለች። እኔም ዓይኔ ይከደናል። ነቅቼ ይሁን ተኝቼ የማላውቅባቸው ብዙ እሁዶች አሉ።

ዓሣው ቀለሙ እየተመለሰለት መጣ። ከዚያ ክረምቱ ገባ።

በሐምሌ አንድ ቀን መብራት ጠዋት ጠፍቶ ሳይመጣ ዋለ። ይህ ዓሣ የሞቀ ውሃ ይፈልጋል፤ ከገንዳው ጋር የመጣችው ትንሽ ማሞቂያ ደግሞ ያለ መብራት አትሠራም። ዝናቡ ስላላቆመ ሱቁን ዘግቼ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ሮጥኩ። በሩን ስከፍት ገንዳውን አላየሁትም። ጠረጴዛው ላይ የተጠቀለለ ነገር አለ፤ የአባቴ ጋቢ ነው፤ ገንዳውን ጠቅልላበታለች። እናቴ በረንዳ ላይ ከሰል አቀጣጥላ ውሃ ታሞቃለች።

«ሲቀዘቅዝ ሥር ወርዶ ተኛብኝ» አለችኝ። «ሌላው ጨርቅ ሁሉ ስስ ነው።»

የሞቀውን ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተን፣ ክዳኑን አጥብቀን የገንዳው ውሃ ላይ አንሳፈፍነው። ሲቀዘቅዝ በሌላ እንተካዋለን። ጋቢውን ገለጥ ባደረግን ቁጥር የአባቴ ሽታ ይወጣል፤ ሳሙናውና ያ የሚወደው ትምባሆ። እናቴ በሸተታት ቁጥር ትንሽ ትቆማለች። ከዚያ ማውራት ጀመረች።

«አባትህም ብርድ አይችልም ነበር። እግሩን ሳላሞቅለት እንቅልፍ አይወስደውም። ስንጋባ ማንም አልነገረኝም።»

ከሞተ ጀምሮ ስለ እሱ ስታወራ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነበር። እንዴት እንደታጨች፣ በመጀመሪያው ክረምት ጣሪያቸው እንዴት እንዳፈሰሰ፣ እሱ በየፍሳሹ ሥር ባልዲ እየደረደረ እንዴት እንደሳቀ። ጠርሙሱን እየቀያየርን አዳመጥኳት። ሊመሽ ሲል መብራት መጣ። ዓሣውም ወደ ላይ ወጥቶ አየር ሳበ።

በቀጣዩ እሁድ ቱቦውን ይዤ ስቀርብ እናቴ እጄን ያዘችኝ። የውሃው ፊት ላይ፣ አንዱ ጥግ፣ ጥቃቅን አረፋዎች ተከማችተዋል።

«ምንድን ነው ይሄ? ውሃው ተበላሸ?»

ስልኬ ላይ ፈልጌ አነበብኩላት። ወንዱ ዓሣ ሲመቸው ለልጆቹ የሚሠራው ጎጆ ነው ይላል።

«ሚስት ሳይኖረው?»

«ሳይኖረው።»

እናቴ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነበር፤ ከዚያ ጥርሷ እስኪታይ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እኔም ያዘኝና አብሬያት ሳቅሁ።

«በል ዛሬ ይቅር» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። «ጎጆውን አታፍርስበት።»

«ሳምንቱ ሞልቷል፤ ቆሻሻው ይጎዳዋል።»

አሰበችበት። «እንግዲያው በዚያኛው ጥግ በኩል፣ ቀስ ብለህ።»

በዚያኛው ጥግ በኩል ቀስ ብዬ ቀዳሁ። እሷም አዲሱን ውሃ በማንኪያ ጀርባ ላይ፣ ፊቱ እንዳይናወጥ አድርጋ አንጠባጠበች። ከወትሮው ይልቅ ብዙ ጊዜ ፈጀብን። ጥቂት አረፋዎች ጠፉ፤ የቀሩት ግን አልተነኩም፤ ዓሣውም ከሥራቸው ሆኖ የጎደለውን መሙላት ጀመረ።