ወደ በረዶው ተራራ ማን ይንዳ

ስሂን ጉዞውን እንዳልወደደችው የታወቀባት ገና ወሬው በተጀመረበት እሑድ ነው። ትልቋ ልጇ ዮዲ ከምትኖርበት ከአሌክሳንድሪያ መጥታ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው የወላጆቿ ሳሎን ላፕቶፗን ከፈተችና ነጭ በነጭ የሆነ ተራራ አሳየቻቸው። ሰዎች እግራቸው ላይ ረጃጅም ነገር አስረው ቁልቁል ይንሸራተታሉ።

«አባዬ፣ እረፍት እንወጣለን!» አለች። «በጥር፣ በማርቲን ሉተር ኪንግ ዊክኤንድ። የምናድርበትን ካቢን አይቼዋለሁ፣ እሳት ማንደጃ ሁሉ አለው። ስኪ ለማታውቁት ደግሞ ሌሰን አለ። ከዚህ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም።»

አባትየው ኪዳኔ ሳቀ። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ዕድሜውን መሪ ጨብጦ የጨረሰ የታክሲ ሰው ነው። «ልትሰብሩኝ ነው በሉኛ!» አለ። ይበል እንጂ ዓይኑ ከስክሪኑ አልተነቀለም። ደስ ብሎታል። ኮሌጅ የጀመረችው ትንሿ ልጅ ሚጣ ደግሞ ከአሁኑ የትኛው አልጋ የእሷ እንደሆነ እየተናገረች ነው።

«መንገዱስ?» አለች ስሂን።

«መንገዱ ምን ይሆናል?»

«ማለቴ… ማን ነው የሚነዳው?»

«ኧረ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው!» አለ ኪዳኔ። «እኔ ነኛ!»

ዮዲ ቀና አለች። «እኔ ብነዳስ አባዬ? አንተ ሪላክስ አድርግ።»

«አንቺ? ተራራ ላይ? በበረዶ? ምነው፣ የሠራሁሽ በደል አለ?»

ሳቁ። ስሂን ግን ተነስታ ወጥ ቤት ገባችና የታጠበውን ሳህን መልሳ ታጥብ ጀመር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስከረም ላይ፣ ሀያትስቪል ከነበረ ክርስትና ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ሲመለሱ ቀይ መብራት ያዛቸው። አረንጓዴ በራ። ኪዳኔ አልተንቀሳቀሰም። ከኋላ ጥሩምባው ቀለጠ። «ኪዳኔ፣ ሂድ እንጂ» አለችው። ዞር ብላ ስታየው ዓይኑ ተከፍቷል፣ እጁ መሪው ላይ ነው፣ አፉ የሚያላምጥ ይመስላል፣ ሰውየው ግን የለም። ትከሻውን ይዛ ነቀነቀችው፣ እመቤቴን ጠራች፣ ጮኸች። ቆይቶ ቆይቶ ዓይኑን ጨፈን ከፈት አደረገና፣ «ምን ሆነሻል? ለምን ትጮሂያለሽ?» አላት።

ስሂን ሮክቪል ውስጥ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ዓመታት ሠርታለች። ሰው ዓይኑን እንደከፈተ ሲጠፋ አይታ ታውቃለች። ይሄ ድካም አይደለም። ይሄንኑ ነገረችው። እሱ ደግሞ መኪናውን ዳር አስይዞ፣ እጇን ጥብቅ አድርጎ ይዞ፣ አስማላት።

«ለልጆቹ ትንፍሽ እንዳትይ። ወሬው ከወጣ መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል። በእመቤቴ በይ!»

«ሐኪም ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ አልኩሽ እኮ። በእመቤቴ በይ።»

«በእመቤቴ» አለች፤ በፍርሃት አለች። ሐኪም ግን አልሄደም። «ሄጄ ነበር፣ ምንም የለም አሉኝ» ያላት ዕለት ዓይኗን አላየም። እኛ ደግሞ በሽታ ስንደብቅ ማን ብሎን! ሠርግ ሲሆን ለማናውቀው ሰው ሁሉ ወረቀት እንበትናለን፤ በሽታ ሲሆን ግን በገዛ ልጆቻችን ላይ በር እንዘጋለን፤ ጨዋነት ይመስለናል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስሂን ከኪዳኔ ጋር መኪና ከገባች አፏ አይዘጋም። ድሮ ዝምተኛ ነበረች። አሁን ስለ ሽንኩርት ታወራለች፣ ስለ አለቃዋ ታወራለች፣ ያለፉትን የሱቅ ስም ሁሉ ትጠይቃለች። መልስ ትንሽ ከዘገየ እጇ ወደ መሪው ይሄዳል። «ሰምቻለሁ እኮ ሴትዮ!» ይላታል። ይበላት፣ እሷ የምትፈልገው ድምፁን ነው። ለብቻው ሥራ ላይ ሲሆን ትደውልለታለች። ካላነሳ፣ መጦሪያው ውስጥ አሮጊት የምታበላበትን ማንኪያ እንደያዘች ደርቃ ትቀራለች። የሚጭናቸው የሰው ልጆችም ትዝ ይሏታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ራሷን ትረግማለች።

እና አሁን ሁለቱንም ልጆቿን ጭኖ፣ በረዶ መንገድ ላይ፣ ተራራ ሊወጣ ነው።

መናገር አልቻለችም፤ በእመቤቴ ብላለች። ስለዚህ ጉዞውን ማፍረስ ያዘች። መጀመሪያ ጥምቀትን አነሳች። «ታቦት ወጥቶ እናንተ በረዶ ላይ ልትንሸራተቱ? ጉድ እኮ ነው!» አለች። ዮዲ አልተጣላችም፤ ካላንደሩን አይታ ጉዞውን ወደሚቀጥለው ሳምንት ገፋችው። ስሂን ቅዝቃዜውን አነሳች፤ ዮዲ ለሁሉም ወፍራም ሱሪና ጓንት ገዝታ መጣች። በመጨረሻ የኪዳኔን ወገብ አነሳች። ይሄኛው ባሰ። ኪዳኔ ተናዶ ሳሎኑ መሃል ቆመና፣ «ወገቤ? የኔ ወገብ? እዩ!» ብሎ ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ ይል ጀመር። ልጆቹ ያጨበጭባሉ። ስሂን ግን ፊቱን ብቻ ነበር የምታየው፤ አሁን ይቆማል፣ አሁን ዓይኑ ይፈዛል እያለች። «በቃ! በቃህ አልኩ እኮ!» ብላ ጮኸች፤ ጭብጨባው ቆመ።

በሚቀጥለው ቀን ዮዲ ደወለች። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር።

«እማዬ፣ ስትሬስ አታድርጊ። እኛ ሦስታችን እንሄዳለን፣ አንቺ ቤት አረፍ በይ። ኦኬ? ማንም አይቀየምሽም።»

«እኔ ልቅር?»

«አልወደድሽውም እኮ። ችግር የለውም።»

ስሂን ስልኩን ዘግታ መጦሪያው ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደገፈች። በገዛ እጇ! ያን ሁሉ ሰበብ ደርድራ ደርድራ፣ መኪናው ውስጥ የሚያወራውን አንድ አፍ፣ መሪውን የሚይዘውን አንድ እጅ፣ ራሷን አስቀረች። አሁን እሄዳለሁ ብትል ማን ያምናታል? ብትሄድስ፣ መንዳት የማታውቅ ሴት ተራራ ላይ ምን ታደርጋለች?

ሐሙስ ደረሰ። ጉዞው አርብ ጠዋት ነው። ስሂን ከሥራ አስፈቅዳ ወጣችና በባቡርና በአውቶቡስ አሌክሳንድሪያ ወረደች። የንስሐ አባቷ ቀሲስ ብሥራት በሥራ ቀን እዚያ አንድ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ። ካፖርታቸውን ደርበው፣ ከመስታወቷ ክፍል ወጥተው መስቀላቸውን አሳለሟት።

«አባ፣ በእመቤቴ የተማለ መሐላ ይፈታል?» አለቻቸው፣ ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ።

«ምን ብለሽ ነው የማልሽው?»

ነገረቻቸው። መብራቱን፣ ዓይኑን፣ ሐኪም ሄድኩ ያለውን ውሸት፣ ተራራውን። ይቆጡኛል፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ ይሉኛል ብላ ነበር። ቀሲስ ግን አልተቆጧትም። አንድ መኪና መጥቶ መግቢያው ላይ ቆሞ ጥሩምባ ነፋ፤ አላዩትም።

«የሚሄዱት መቼ ነው?»

«ነገ ጠዋት።»

«ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ቀኖናሽን በኋላ እሰጥሻለሁ። ሰው ከሚሞት መሐላ ይፍረስ፣ እኔ አለሁበት። ሂጂ!»

«እሺ አባ፣ ግን—»

«ግን የለም! ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ሂጂ እኮ አልኩሽ!»

ስሂን እኚህን ሰው ስታውቃቸው ተጣድፈው አያውቁም፤ ቅዳሴ ቢዘገይ እንኳ በቀስታ የሚራመዱ ናቸው። የኪዳኔም የንስሐ አባት እሳቸው ናቸው። ይሄ ትዝ አላት።

«አባ፣ ኪዳኔ የነገረዎት ነገር አለ እንዴ?»

«እኔን አትጠይቂኝ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

የምታውቀው ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ የባሰ ነገር አለ። አውቶቡሱ ውስጥ ለዮዲ ደወለች፣ አታነሳም። ለኪዳኔ ደወለች፣ እሱም አያነሳም። የባቡሩን በር ከፋች እሷ ትመስል፣ በየጣቢያው ተነስታ ትቆማለች።

ቤት ስትደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። የኪዳኔ መኪና በር ላይ ቆሟል። «ተመስገን» አለች ጮክ ብላ፣ ጎረቤት ይስማ አይስማ ግድ ሳይሰጣት። ውስጥ ሁሉም አሉ። ዮዲ የስኪውን ዕቃ ሮክቪል ካለ ሱቅ ተከራይታ አምጥታ ሳሎኑን ሞልታዋለች። ኪዳኔ ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረውን ጫማ በሁለት እግሩ አጥልቋል። ሚጣ ስልኳን ደግና ታነሳዋለች። እሱ ይስቃል፤ ስሂን ስታየው ግን ሳቁ ከአፉ አላለፈም።

«ዮዲ፣ ነይ እስቲ» አለች። መኝታ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋች።

«እማዬ፣ ፕሊስ፣ እንደገና እንዳትጀምሪ።»

«አባትሽ መንዳት የለበትም። ስሚኝ። መሪ እንደያዘ ራሱን ስቷል። አጠገቡ ነበርኩ። አስምሎኝ ነው ዝም ያልኩት። ከፈለግሽ ስደቢኝ፣ ግን ነገ እሱ መኪና ውስጥ አትግቡ።»

ስድቡን ጠበቀች። ዮዲ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ ከንፈሯ ሳይቀር ነጥቷል።

«መቼ?» አለች።

«መስከረም ላይ። ከሀያትስቪል ስንመለስ።»

«ኖ» አለች ዮዲ። «ኖ፣ እማዬ። ኖቬምበር ነው።»

«ምኑ ነው ኖቬምበር?»

«ለሥራ ስሄድ ኤርፖርት ድሮፕ ሲያደርገኝ። ከመስመሩ ወጣ። ሃይዌይ ላይ! ጠራሁት፣ አይሰማም። መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ድካም ነው አለኝ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ ትደነግጥብኛለች፣ ፕሮሚስ አድርጊልኝ አለኝ። አደረግኩለት። እረፍት ካገኘ ይሻለዋል ብዬ… ለዚያ ነው እኮ እማዬ! ይሄን ስኪ ፕላን ያደረግኩት ለዚያ ነው!»

ሳምንታት ሙሉ እናት ያንን ነገር ፈርታ ጉዞውን ስታፈርስ፣ ልጅ ያንኑ ነገር ፈርታ ጉዞውን ስትጠግን ኖረዋል። ዮዲ «እኔ ብነዳስ» ያለችው ለዚያ ነበር። ስሂን እቅፍ አደረገቻት፤ ዮዲ እንደ ሕፃንነቷ ትከሻዋ ላይ አለቀሰች። ከዚያ ስሂን እንባዋን በመዳፏ ጠረገችላትና ተያይዘው ወጡ።

«ምንድነው የምትንሾካሾኩት?» አለ ኪዳኔ።

ስሂን ፊት ለፊቱ ቆመች። «መሐላዬን አፍርሻለሁ» አለችው። «ዮዲም የገባችልህን ቃል አፍርሳለች። ሁለታችንም አውቀናል።»

ሚጣ ስልኳን አወረደች። ኪዳኔ አንዷን አየ፣ ሌላዋን አየ፣ ሊነሳ ሞከረ። ጫማው እንቢ አለው፤ ተመልሶ ሶፋው ላይ ወደቀ። አሁን ይጮሃል፣ አሁን ቤቱን ይቀውጠዋል ብለው ጠበቁ። አልጮኸም። እጁን ጉልበቱ መሃል ከትቶ ወለሉን ያይ ጀመር።

«ዛሬም ጠዋት» አለ ዝግ ብሎ።

«ምን ዛሬም ጠዋት?»

«ሴቨን ኮርነርስ አጠገብ። አንዲት እናት ከነሕፃኗ ጭኜ ነበር። ስነቃ መኪናው የእግረኛ መሄጃው ላይ ወጥቷል። ሕፃኑ ከኋላ ያለቅሳል፣ እናቲቱ ትጮሃለች። ሰው አልነካሁም። ማንም አልተነካም። ለቀሲስ ደወልኩላቸው። ለልጆቹ ንገር፣ ያለዚያ መኪና አትንካ አሉኝ።»

«ታዲያ ነገርከን?» አለች ስሂን። «ነገ ልጆቼን ይዘህ ልትሄድብኝ አልነበረም?»

«ልሄድ ነበር።»

«ኪዳኔ!»

«ዕቃውን ሁሉ ተከራይታ መጥታ፣ እንዴት ብዬ… ስቀው ተቀበሉኝ፣ ሳቅኩ።» ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል። «ፈራሁ ስሂኔ። መንዳት ከከለከሉኝ ምን እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ። ካልከለከሉኝም ፈራሁ።»

ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። ከሁለት ልጆች ጋር በዚህ አገር ሥራ ሲያጣ አላለውም፣ አባቱን ሲቀብር አላለውም። ስሂን ጮክ ብላ አለቀሰች፤ ከእንግዲህ የሚደበቅ ነገር የለም።

ዮዲ አምቡላንስ ለመጥራት 911 ደውላ አድራሻውን ትናገራለች። ሚጣ የአባቷን ትከሻ ይዛ ቆማለች። ስሂን ወለሉ ላይ ተንበርክካ ያንን ድንጋይ ጫማ ልታወልቅለት ትታገላለች፤ ማሰሪያው በየት እንደሚከፈት አታውቅም።

«ቀስ በይ» አላት ኪዳኔ፣ እግሩን እየዘረጋላት። «የትም አልሄድም።»