የለም የተባሉት ሽማግሌ

ደባርቅ የሄድሁት ስለ መጽሐፌ ለመነጋገር ነበር። ከመጡት ጥቂት ሰዎች መካከል ከልቡ የሚያዳምጥ አንድ ብቻ ነበር፤ ከኋላ የተቀመጠው። አዳራሹ ውስጥ ምንም አልጠየቀም። በማግስቱ ጠዋት ግን ወደ ቤቴ ወደ ዳባት ልመለስ ከተሳፈርሁበት ሚኒባስ አወረደኝ።

ወስዶ የቆለፈብኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው ገና ገብስ ገብስ ይሸታል። ብርዱ ከሲሚንቶው ተነስቶ ጉልበት ላይ ይቆማል። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ጥግ ላይ ጋቢ የተከናነቡ ሰው አየሁና ደነገጥሁ። ተራራው ላይ፣ ከቡይት ራስ በላይ፣ ለመጽሐፌ ያነጋገርኋቸው ገበሬ ናቸው፤ ከብሔራዊ ፓርኩ ሲያስነሷቸው «ለጭላዳ ዝንጀሮው ጠባቂ ቀጠሩለት፣ ለእኔ አባራሪ» ያሉኝ። ቃላቸውን መጽሐፌ ውስጥ አስገብቻለሁ፤ ስማቸውን ግን አልጻፍሁም። እሳቸው የታሰሩት በሌላ ነው፤ ከብቶችዎ የፓርኩን ወሰን አለፉ ተብለው።

«አንተም መጣህ?» አሉኝ፣ ሰርግ ቤት የተገናኘን ይመስል።

ያ ከኋላ ተቀምጦ ያዳመጠኝ ሰው መርማሪ ኖሯል፤ መጽሐፌን ከዳር እስከ ዳር አንብቦታል። ወዳጆቼ እንኳ ከመግቢያው አላለፉም።

«ደራሲው፣ ይሄ ሽማግሌ ማነው?»

«ፈጠርሁት።»

«ንግግሩስ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ተወኝ እባክህ! የቀረውን መጽሐፍ እኮ አንብቤዋለሁ። አንተ እንዲህ ያለ ነገር ከየት ታመጣለህ?»

ከዚያ የተሻለ ሂስ ቀርቦልኝ አያውቅም። ሲጨርስ በራሱ በመጽሐፉ አፌን መታኝ። ሽፋኑ ጠንካራ ይሁን ብዬ አሳታሚውን የለመንሁት እኔው ነበርሁ።

«እሺ፣ ፈጠራ ይሁን» አለ። «ነገ ካሜራ ፊት ቆመህ፣ ሰውየው የለም፣ የተባረረም የለም፣ ውሸቴን ነው ትላለህ። ከዚያ ቤትህ ትገባለህ።»

ለሁለታችንም መዳኛ መሰለኝ። ተመልሼ ለሽማግሌው በሹክሹክታ ነገርኋቸው። ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ።

«የለም የተባልሁት እኔ ነኝ?»

«ለእርስዎ ብዬ ነው አባቴ። ካወቁ አይለቁዎትም።»

«ቤቴን እነሱ አፈረሱት። እኔን ደግሞ አንተ ልታፈርሰኝ ነው?»

«ቀስ ይበሉ፣ ይሰሙናል።»

«ይስሙ! በከብት ከምታሰር በቃሌ ብታሰር ወግ ነው። ነገ የለም ካልህ በሩን ደብድቤ እኔ ነኝ እላለሁ።» በጣታቸው ጠሩኝ። «ደግሞ ጥርስ የላቸውም ብለህ ጽፈሃል። የልጅ ልጄ አንብባልኛለች። ና፣ እይ! እኒህ ምንድን ናቸው?»

አፋቸውን ከፍተው አሳዩኝ። ነበሩ።

ያሉትን የሚያደርጉ ሰው እንደሆኑ አውቃለሁ። በዚያ አገር ሰው የተናገረውን ሌላው እንዲክድለት አይፈልግም።

በማግስቱ ግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ አቆሙኝ። መርማሪው በእጁ ጠጉሬን አስተካከለልኝ። ካሜራው ሲበራ እንዲህ አልሁ፦ «ሽማግሌው በሕይወት አሉ። የተናገሩት እውነት ነው። ስማቸውን አልናገርም።»

ካሜራው ጠፋ። ግራ እጄ ላይ ሁለት ጣቶች ከዚያን ቀን ወዲህ አይታጠፉም። ማታ ሽማግሌው ከስንቃቸው ዳቦ ቆርሰው አጎረሱኝ። ብዙም ሳይቆይ በከብቶቹ ጉዳይ ቀጥተው ለቀቋቸው፤ መርማሪው የሚፈልገው ሰው በፊቱ አልፎ ሄደ። አሁን በሕይወት ስለሌሉ ነው ይህን የምጽፈው።

መርማሪው ዛሬ ሥራውን ትቶ እዚሁ ዳባት ሱቅ ከፍቷል። ሰሞኑን አስታራቂዎች ላከብኝ። በእኛ ዘንድ አስታራቂን እምቢ ማለት ነውር ነው። ተነስቼ ተቀበልኋቸው፣ ጠላ ቀዳሁላቸው፣ ነገራቸውን እስከ መጨረሻው ሰማሁ።

«ለእግዜር ስትል ማረው» አሉኝ ታላቃቸው።

«ያደረገውን ካሜራ ፊት ቆሞ ይናገር። ከዚያ ይምጣ» አልሁ።

«እንዲህ ይባላል ልጄ?»

«ይባላል።»

አዝነው ወጡ፤ እስከ በር ሸኘኋቸው። ቂም የሚጎዳው የያዘውን ሰው ነው የሚሉ መጻሕፍት ብዙ አንብቤያለሁ። ተመልሼ ምሳዬን በላሁ። ጣፈጠኝ።