በበረዶ ላይ የጠበቅሁት መርዶ

መርዶ የሚነገርበትን ሥርዓት ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው በዴንቨርና በኦሮራ በምንኖር አበሾች መካከል ቢፈለግ ጣት ወደ እኔ ይጠቆማል። ዕድሜና አንድ ጥቁር ካፖርት ያመጡብኝ ኃላፊነት ነው። አገር ቤት ሰው ያረፈበት ቤተሰብ አስቀድሞ ለእኔ ይደውላል፤ እኔም ደንቡን አስጠብቃለሁ። ባለሐዘኑ በስልክ አይነገረውም፤ እንዲያውም ስልኩ በዘዴ ከእጁ ይወሰዳል። ባዶ ሆዱን አይረዳም። ንስሐ አባቱ ቀድመው እንዲያውቁ ይደረጋል። እንዳይጠረጥር ሰበብ ተፈልጎለት ከቤት ይወጣል፤ ሲዘዋወርም ይውላል። ይህን ሁሉ ለሌሎች ሳደርግ ስለኖርሁ፣ በእኔ ላይ ቢደረግ ወዲያው እንደምነቃ አልጠራጠርም ነበር።

ባለፈው የነቢያት ጾም፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ ማታ ሴት ልጄ ሞንትቤሎ ሰፈር ከሚገኘው ቤታችን ወጥ ቤት ሆና በስልክ ስታንሾካሹክ ሰማኋት።

«አባ፣ ነገ ጠዋት ነው። አባዬ እስካሁን አያውቁም። እርስዎ ከፈቀዱልኝ ቁርስ አብልቼ ነው የማወጣቸው።»

ይህን ዝግጅት አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ የሚኖሩት ታላቅ እህቴ፣ እናታችን ከሞቱ ወዲህ እንደ እናት ሆነው ያሳደጉኝ፣ ድምፃቸውን ካሰሙኝ ሳምንት አልፎ ነበር። «እትዬ» ነው የምላቸው። በደወልሁ ቁጥር ልጃቸው ታነሣና «እማዬ ተኝታለች፣ ጋሼ» ትለኛለች። እትዬ ደግሞ ስልክ እየጠራ የሚተኙ ሰው አልነበሩም።

በማግስቱ ልጄ ገና በማለዳ የአጃ ሾርባ አቀረበችልኝ።

«ጾም ነው» አልኋት።

«አባ ፈቅደዋል» አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። «መድኃኒቱም ያለ ምግብ አይወሰድም። ዛሬ ተራራ እንወጣለን።»

«የምን ተራራ?»

«ብሔራዊ ፓርኩ ነዋ፣ አባዬ። በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት።»

በዚህ ከተማ ስኖር እነዚያን ተራሮች ከመስኮት አይቻቸዋለሁ እንጂ ማንም በበረዶ ወራት ልውሰድዎ ብሎኝ አያውቅም። የልጄ ዓይኖች ቀልተዋል። ጥቁር ጃኬት ለብሳለች። ባሏ፣ አማቼም፣ እንደዚሁ። በሩ ላይ እጇን ዘረጋችልኝ።

«ስልክዎን ይስጡኝ። በረዶ ውስጥ ይወድቅብዎታል።»

ሰጠኋት። እኔም ለስንቱ ሰው እጄን እንዲሁ ዘርግቼ ነበር።

መኪናው ውስጥ ሙዚቃ አልተከፈተም። መቀመጫው አልመች አለኝ፤ መስኮቱን ከፈትሁ፣ ዘጋሁ፣ እንደገና ከፈትሁ። የደኅንነት ቀበቶው አንገቴን የሚያንቅ መሰለኝ።

«አባቴ፣ ሞቀዎት ወይስ በረደዎት?» አለ አማቼ በመስተዋቱ እያየኝ። «ቁርጡን ይንገሩኝና ላስተካክለው።»

ቁርጡን የምፈልገው እኔ ነበርሁ። አጠገቤ ወደ ተቀመጠችው የልጅ ልጄ ዘንበል ብዬ ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቅኋት።

«እኔ የማላውቀው ነገር አለ?»

አፏን በጓንቷ ሸፈነች። «ፕሮሚስ አድርጌአለሁ፣ አባባ። ማሚ አትንገሪው ብላኛለች።»

«ዝም በይ አንቺ!» አለች እናቷ ከፊት።

ይህን ጊዜ ጠይቄ ልገላገል እችል ነበር። አልጠየቅሁም። እስካልጠየቅሁ ድረስ እትዬ አልሞቱም።

ከሰዓታት መንገድ በኋላ የፓርኩን በር አልፈን ጥድ በበዛበት ሸለቆ ውስጥ ገባን። የደረስንበት ዛፍ የሌለበት ተዳፋት ነው። ልጆች በፕላስቲክ መንሸራተቻ እየተቀመጡ ይወርዳሉ፤ ሽቅብ የሚያወጣ ማሽን ስለሌለ መንሸራተቻቸውን እየጎተቱ በእግር ይመለሳሉ። ነፋሱ የበረዶ ብናኝ እያነሣ ፊት ላይ ይረጫል።

«እዚህ ኔትወርክ የለም» አለ አማቼ ስልኩን እያየ። የተደሰተ መሰለኝ።

ከዚያም ከመኪናው ኋላ ለሁለት ሰው የሚበቃ ረጅም መንሸራተቻ አወጣ። የልጅ ልጄ እየዘለለች ጮኸች። «ሰርፕራይዝ! አባባ፣ አንተ ከእኔ ጋር ነህ!»

«እምቢ እንደሚሉ ስለማውቅ ነው የደበቅሁዎት» አለች ልጄ። «ካልፈለጉ መኪና ውስጥ ሆነን ሻይ እንጠጣለን።»

ሻዩን ፈራሁት። ሻይ ይቀዳል፤ አንድ ሁለት ጊዜ ይጎነጫሉ፤ ከዚያ ከመካከላችን አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ያንን የጉሮሮ መጥረግ እኔ ራሴ ነኝ ለአማቼ ያስተማርሁት፤ የአንድ ወዳጃችንን እናት ሞት ልንነግር በሄድን ጊዜ።

«ሻዩ ይቆይ» ብዬ መንሸራተቻው ላይ ተቀመጥሁ።

ልጅቱ ከፊቴ ገብታ ገመዱን ያዘች። አማቼ ገፋን። ሆዴ ከእኔ ተለይቶ ላይ የቀረ መሰለኝ፤ ባርኔጣዬ በረረ፤ ዓይኔ በበረዶ ተደፈነ። ታች ስንቆም ልጄ ኩባያ ይዛ እየሮጠች መጣች።

«እንደገና» አልሁ።

ሽቅብ ወጣን። ትንፋሼ እየተቆራረጠ ወጣሁ። ከላይ ሆኜ ስመለከት ሁለቱ ጥቁር ለባሾች ፔርሙዙ አጠገብ ቆመው ይነጋገራሉ። «አንተ ንገራቸው»፣ «አንቺ ንገሪያቸው» የሚባባሉ መሰለኝ። ወረድን። ኩባያው መጣ። «እንደገና» አልሁ።

«አባዬ፣ ልብዎን! ይበቃዎታል!»

«ገና ነው።»

«እኒህ ናቸው ሶፋ ላይ ለመቀመጥ ትራስ የሚያማርጡት?» አለ አማቼ እየሳቀ። «በሚቀጥለው ዓመት ውድድር እናስገባዎታለን!»

ሳቁ አስቆጣኝ። በዚህ ቀን እንዴት ይሳቃል? ነገር ግን ማስመሰልም ከደንቡ ውስጥ ነው። ደግመን ወጣን፤ ደግመን ወረድን። አንድ ጊዜ ተገልብጠን በረዶ ውስጥ ተቀበርን። በጀርባዬ ተኝቼ ሰማዩን እያየሁ ከዚያ ባልነሣ ወደድሁ። እትዬ በልጅነቴ ጭቃ ላይ በወደቅሁ ቁጥር መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ የሚያነሡኝ ስቀው ሲጨርሱ ነው።

በመጨረሻ እምቢ ያለችው ልጅቱ ናት። «አባባ፣ አይ አም ዳን። እጄ ፍሪዝ አድርጓል።»

የማመካኝበት ነገር አልቀረም። መኪናው ውስጥ ገባን፤ ሻዩ ተቀዳ፤ ከኦሮራው ሃቫና ስትሪት የተገዛው የምስር ሳምቡሳ ተዘረጋ። አማቼ ወደ ኋላ ዞሮ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባቴ...»

ኩባያዬን አስቀመጥሁ። «መቼ ነው ያረፉት?»

«እነማን?»

«እትዬ። አትደብቁኝ። ይህን ሥራ ያስተማርኋችሁ እኔ ነኝ።»

ልጄ ክው አለች። «እትዬ ምን ሆኑ? ማን ነገረዎት?»

«እኔ እኮ» አለ አማቼ ግራ ተጋብቶ፣ «አንድ ሳምቡሳ ይጨምሩ ልልዎ ነበር።»

ምልክቶቹን አንድ በአንድ ዘረዘርሁላቸው። ልጄም በየተራ መለሰች። ንስሐ አባቴን ያስፈቀደችው በከፍታ ቦታ ባዶ ሆዴን መድኃኒት እንዳልወስድ ነው። ዓይኗ የቀላው ሆስፒታል ሌሊት ስትሠራ ሰንብታ ነው። ጥቁሩ ጃኬት ቆሻሻ ስለሚችል ነው። ለሁሉም መልስ ነበራት። መርዶ የያዘ ሰውም ለሁሉም መልስ አለው።

«ስልኬን» አልሁ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ስልኬን በሁለት እጄ ይዤ ከመስኮት ወደ መስኮት አዞርሁት። በፓርኩ ደጃፍ ያለችው ከተማ ስንደርስ ግዙፍ የዱር አጋዘኖች ቀስ ብለው አስፋልቱን ሲያቋርጡ መኪናው ቆመ። ኔትወርኩ መጣ። አዲስ አበባ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሳላስብ ደወልሁ። ጠራ። ደግሞ ጠራ።

«ማን ሞተ?» አለ አንድ የሚኮላተፍ ድምፅ።

እትዬ ነበሩ።

«ማንም አልሞተም፣ እትዬ።»

«በእኩለ ሌሊት ደውለህ? አንተ ልጅ፣ አትዋሸኝ። ማን ነው?»

«ማንም። እርስዎ ለምን ስልክ አላነሡም?»

«የፊት ጥርሴን ነቅለውኝ። እንደ ሕፃን እየተኮላተፍሁ ከተማረ ሰው ጋር ልነጋገር ኖሯል? ቆይ፣ ምን ያስለከልክሃል? የት ነህ?»

«በረዶ ላይ ስንሸራተት ዋልሁ።»

«ልጅህን አቅርብልኝ» አሉ።

ልጄ ስልኩን ተቀብላ ደህና መሆኔን በእግዚአብሔር ስም ማለች፤ መንሸራተቴም እውነት እንደሆነ ማለች። እትዬ ሁለተኛውን ያመኑ አይመስለኝም።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጅቱ ትከሻዬ ላይ ተኛች። እኔ እንቅልፍም ዕረፍትም አልነበረኝም። «ያቺ ቀን ስትመጣ» አልኋት ልጄን፣ «ቁርስ አታብዪኝ፤ ተራራም አታውጪኝ። ቀጥታ ንገሪኝ።»

«እሺ አባዬ» አለች፣ ባሏን ገረፍ አድርጋ እያየች።

እሺታዋ ፈጠነብኝ። እኔም እንዲህ ላሉኝ ሰዎች ሁሉ እሺ ብያለሁ፤ ለአንዳቸውም ቀጥታ አልነገርሁም።

ከዚያ ወዲህ ልጆቼ እንውጣ እንውጣ ባሉኝ ቁጥር ጫማዬን ከማሰሬ በፊት ወደ አዲስ አበባ እደውላለሁ። እትዬ አዲስ ጥርስ አስተክለዋል፤ ምክንያቴንም ሳልነግራቸው ደርሰውበታል። ሰላምታም አይሰጡኝም።

«አለሁ» ይሉኛል። «ሂድ ተንሸራተት።»