ድምፁ ቆርቆሮ የሆነው ጠመንጃ

«ሁለቱ እኮ በሕይወት ተያይተው አያውቁም፤ እንዴት ሆነው ነው የሚጣሉት?» አለች እህቴ፣ የኮምፒውተሩን መስታወት በጣቷ መታ መታ እያደረገች።

ጨዋታ ነው አልኳት። ጨዋታም ቢሆን ውሸት ልክ አለው አለች። ያ ጀርባው ላይ ሳንቃ የመሰለ አጥንት የደረደረው ዳይኖሰር ዘሩ ከጠፋ ስንትና ስንት ሚሊዮን ዓመት በኋላ ነው ትልቁ ሥጋ በል የመጣው፤ ይህን ሳያጣራ ጨዋታ የሚሠራ ሰው ጤፍ ቢነግድ ይሻለዋል። እኔ በዚህ መሃል ቁጥቋጦ ሥር ተጋድሜ፣ አራት ጥይት ብቻ ቀርቶኝ፣ ሁለቱ ተጣልተው እስኪደክሙ እየጠበቅሁ ነበር።

«አንቺ አስተማሪ ስለሆንሽ ነው እንጂ ሌላውን ሰው ምን ቸገረው?» አልኳት።

«የቅኔ ቤት ደጅ ሳትረግጥ ባለቅኔ ነኝ ትላለህ። አንተንማ ምን ይቸግርሃል።»

በዚህ ነገር የሚቀልድብኝ ሰው ብዙ ስለሆነ ሌላ ጊዜ ያናድደኝ ነበር። ያን ቀን ግን ጭራሽ ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ስትቀልድ ከሰማኋት ሁለት ወር አልፎ ነበር።

እህቴ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ሞጣ ባዮሎጂ ታስተምራለች። አንድ ቀን ጠዋት ክፍል ውስጥ እያለች ከትምህርት ቤቱ አጥር ወዲያ ተኩስ ተከፈተ። ተማሪዎቿን ወለሉ ላይ አስተኝታ እስኪያልፍ ጠበቀች። ማንም አልተጎዳም። ከሳምንት በኋላ ቢቸና፣ እኔ የተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ፣ ለሁለት ሳምንት ብላ መጣች። ሁለት ሳምንቱ አልፎ ወሩ አለቀ። ከግቢ አትወጣም። ሞተር ሳይክል በመንገድ ሲያልፍ ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጣለች፤ ከሄደም በኋላ ወዲያው አትነሣም። ትምህርት ቤቱ ተከፍቷል፤ ርእሰ መምህሩ ይደውላሉ፤ እሷ አሞኛል ትላለች። ሥራዋ ከእጇ እየወጣ መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ አንዳችንም አናነሣውም።

የዳይኖሰሩን ጨዋታ በፍላሽ ገልብጦ የሰጠኝ ሞባይል የሚጠግነው ጓደኛዬ ነው። ሲሰጠኝም አመስግኖም አምቶም ነበር። «አውሬዎቹ ነፍስ አላቸው፤ ጠመንጃው ግን ቆርቆሮ ነው፤ ሰሪው ተኩስ ሰምቶ አያውቅም» ብሎኛል። እውነቱን ነው። ታሪኩ ወታደር ሆነህ፣ ጠመንጃውን በዓይንህ ሥር ይዘህ፣ በአንድ ደሴት የጠፉ ተመራማሪዎችን መፈለግ ነው። ትንንሾቹ ሥጋ በሎች በመንጋ ያድናሉ፤ አንዱ ፊት ለፊትህ ቆሞ ያይሃል፤ አንተ እሱ ላይ ስታነጣጥር ሁለቱ ከጎን ይመጣሉ። ጥይት ስትቀይር ያውቃሉ። ሣሩ በነፋስ ወደ አንድ ወገን ተኝቶ ሳለ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወደ ሌላ ወገን ይተኛል፤ ያኔ ትሮጣለህ። ማንም ሳይነግርህ ደሴቱን ማንበብ ትማራለህ። ይህን ያሰበው ሰው እጁ ይባረክ።

የቀረው ነገር ግን ያሳፍራል። አብረውህ ያሉት ወታደሮች በር ላይ ይገተሩና ማለፊያ ይከለክሉሃል። ትልቁ አውሬ አንዳንዴ ቋጥኝ ውስጥ ተቀርቅሮ እግሩን አየር ላይ ያራምዳል። ከሞትክ የምትመለሰው ወደ መነሻው የጦር ሰፈር ነው፤ የግማሽ ሰዓት ድካም ከንቱ። መብራት ቢጠፋም እንዲሁ ነው፤ ለዚህ እንኳ ሰሪውን መውቀስ አይቻልም።

እህቴ ስትመጣ ድምፁን ሙሉ በሙሉ ዘጋሁት። የጨዋታው ጉልበት ግን ጆሮ ላይ ነው። ያለ ድምፅ አውሬው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ በየአምስት ደቂቃው እሞት ጀመር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተሰላችቼ ማስተካከያውን ስበረብር የድምፁ መስመሮች የተለያዩ ሆነው አገኘሁ፤ ለሙዚቃው፣ ለሰዎቹ ንግግር፣ ለአውሬዎቹና ለመሣሪያዎቹ ለየብቻ። የመሣሪያውን ዜሮ አድርጌ የአውሬዎቹን ከፈትኩ። ከዚያ በኋላ ጠመንጃዬ ያለ አንዳች ኮሽታ ይተኩሳል፤ እሳቱ ብልጭ ይላል፤ አውሬው ይወድቃል። እንደ ሕልም ነበር።

እህቴ መጀመሪያ ጀርባዋን ሰጥታ ተኛች። ቀጥሎ የአውሬውን ድምፅ ሰምታ ዞረች። በሦስተኛው ቀን ከአልጋው ላይ ሆና፣ ማያውን ሳታይ፣ «በግራህ ነው፤ ሁለት ናቸው» አለችኝ። ሁለት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ከኋላዬ በርጩማ ላይ እየተቀመጠች ጆሮ ሆነችልኝ፤ ይህ እንቁላሉን አይተውም፣ ያንኛው በሁለት እግሩ መሮጥ አይችልም፣ ጥርሱም ለቅጠል እንጂ ለሥጋ አይሆንም እያለች ሰሪውን ትወቅሳለች። ክርክራችን የተጀመረው እንዲህ ነው።

አንድ ማክሰኞ፣ ሰው ማመልከቻና ሲቪ ከሚያስጽፈኝ ሱቅ ተመልሼ፣ ጨዋታውን ከፍቼ ስተኩስ ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። ማስተካከያው ውስጥ ገባሁ። የመሣሪያው መስመር ሁለት ላይ ነው። እኔ አልነካሁትም፤ ቤቱ ውስጥ ያለነው ደግሞ ሁለት ሰዎች ነን። እህቴ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ቀና አላለችም።

እኔ ነገር የምችል ሰው አይደለሁም። ያየሁትን ካላወራሁ፣ ካልጻፍኩ፣ ግጥም ካላደረግሁ ሌሊት እገላበጣለሁ። ያን ጊዜ ግን አፌን ዘጋሁ። በዚያ ዓመት ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የምኮራው በዚያ ዝምታ ነው። ሐሙስ መስመሩ ሦስት ላይ ነበር። በሚቀጥለው ሰኞ አምስት።

ከዚያ አንድ ቀን ለምሳ ቀደም ብዬ ስመጣ በመስኮቱ የተኩስ ድምፅ ሰማሁ፤ ጣ ጣ ጣ የሚል የጓደኛዬ ቆርቆሮ። ገባሁ። የኮምፒውተሩን ማውስ ጨብጣ ራሷ ትተኩሳለች። ግንባሯ በላብ ወርዝቷል፤ ግን ትስቃለች።

«ይኼ ጠመንጃ ነው እንዴ?» አለችኝ። «ፈንዲሻ እኮ ነው።»

«ጓደኛዬም እንዲሁ ብሎ ነው ያማው።»

«አይማው። በደንብ የተሠራ ቢሆን ኖሮ አልጋ ሥር ነበር የምታገኘኝ።»

ስለዚህ ጨዋታ ሰው ሲጠይቀኝ ጉድለቱን ስቆጥር ጠመንጃው ላይ ስደርስ ምላሴ ይያዛል።

ጨዋታው አዳናት የሚል ግን ውሸታም ነው። ያው ሳምንት ሳያልቅ በአስፋልቱ ላይ የጭነት መኪና ጎማ ፈነዳ፤ ሳሕኑ ከእጇ ወደቀ፤ ግድግዳውን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ጎማ ነው አይደል?» አለች። ጎማ ነው አልኳት። ድሮ አትጠይቅም ነበር። ምናልባት ያለ ጨዋታውም እየዋለ እያደረ ይሻላት ነበር፤ እኔ የማውቀው ያየሁትን ብቻ ነው።

ዓርብ ርእሰ መምህሩ ደወሉ። በደግነት ነው የተናገሩት፤ ግን ከሰኞ አያልፍም፣ ክፍለ ጊዜሽን ለሌላ መምህር መስጠት ግድ ይሆንብኛል አሉ። ድምፃቸው ከስልኩ ወጥቶ ይሰማኛል። እሷ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማስመሪያ ታገላብጣለች። እኔ ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ተመኘሁ፤ እንዳትሄድና እንድትሄድ። ሦስት ወር ሙሉ ወለል ላይ ነው የተኛሁት፤ አንድ ስንኝ ሳልጽፍ።

«እመጣለሁ፣ ጌታዬ» አለች።

ቅዳሜ ጨዋታውን ጨረስነው። ያን ሁሉ ደክመህ፣ ሄሊኮፕተር መጥቶ ያነሣሃል፤ የሰሪዎቹ ስም ይዘረዘራል፤ አለቀ። የተመራማሪዎቹን ነገር የሚያነሣ የለም። እህቴ ስሙ ተዘርዝሮ እስኪያበቃ ጠበቀች። «ሰነፍ ተማሪ እንዲህ ነው ፈተና የሚጨርሰው፤ ደወል ሲሰማ» አለች።

እሑድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ሻንጣዋን አነሣች። ያረመችውን የፈተና ወረቀት ሳይቀር ይዛ መጥታ ኖሯል፤ ከአልጋው ሥር ሦስት ወር ከርሟል። እስከ መናኸሪያ ልሸኝሽ፣ እታለም፣ አልኳት። እንቢ አለች። ሻንጣውን ብቻ ልያዝልሽ አልኳት።

«ተወኝ። አንተ ካለህ አንተን እይዛለሁ፤ መንገዱን አላይም።»

ክርክሩ አላለቀም ነበር። የተሳፈርሽበት አባዱላ ሞጣ ሳይደርስ መንገድ ላይ ድምፅ ብትሰሚስ አልኩ፤ ማለት አልነበረብኝም።

ቆመች። «እሰማለሁ» አለች። ጉንጬን ሳመችኝ፤ ሽሮው ከመስኮቱ ሥር መሆኑን፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን መንቀል እንዳለብኝ ነገረችኝ። ግቢውን አቋርጣ የውጭውን በር ከፈተች። መንገዱን ግራ ቀኝ አየች፤ ሻንጣውን ወደ ሌላኛው እጇ አዛወረች። ወጣች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።